ሰባቱን ቀን ጻፍልኝ

ወገዳ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለእሱባለው፤ ባንኮክ።

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ አለን። ይህችን ሰላምታ የጻፍኳት ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብዬ ተማሪዎቼን ስለማስተምር ነው። ከልቤ ፈልጌ ግን ላንተ የሚሆን ሰላምታ አላገኘሁም።

አባቴ ከሞተ ሰማንያ ቀን አልፎታል። መርዶውን የሰማህ ቀን በስልክ እንዴት እንዳለቀስክ አልረሳሁትም። «በቃህ፣ ራስህን አትጉዳ» ስል የነበርኩት እኔው ነኝ።

በግንቦት መጨረሻ ሣጥኑን ከፈትኩ። ከጋቢው ሥር በጥር ለሕክምና ከሄደበት ከባንኮክ ይዞት የመጣው አዲስ ቦቲ ጫማ ነበር፤ ቦቲው ውስጥ ደግሞ ተጠቅልሎ የገባ የሆስፒታሉ ፖስታ። ቦቲው ቁጥር አርባ አራት ነው። የአባቴ እግር አርባ ነው። እሱባለው ሳምንት ሙሉ ከተማ ለከተማ ሲያዞረው ከርሞ የእግሩን ልክ እንኳ አላየለትም ብዬ መጀመሪያ የተናደድኩት በጫማው ነበር። ወረቀቱን ገና አላነበብኩትማ!

ወረቀቱን ለጤና ጣቢያችን ነርስ፣ ለትዝታ ወሰድኩላት። አንድ ጊዜ አነበበችው። ተነሥታ በሩን ዘጋችና ደግማ አነበበችው። በሽታው ከጉበቱ አልፎ ሄዷል ይላል። ሕክምናው ጊዜው አልፎበታል ይላል። ሁለት ወር ቢቆዩ ነው ይላል። ቀኑ በኛ አቆጣጠር ሰኞ ጥር 19 ነው። ከሥሩ ደግሞ «ይህ ሁሉ በአስተርጓሚ በኩል ለታማሚው ተነግሯል» የሚል አለ፤ የአስተርጓሚው ስምና ፊርማ ሰፍሯል። ፊርማህን አውቀዋለሁ፤ አብረን ነው የተማርነው።

አባቴ ግን ምንም አልተነገረውም። «ሐኪሟ ጨርሳልኛለች» ብሎ ነው የመጣው። ድኖ መጣ ብለን ጎረቤት ጠርተን አብልተናል። በሳምንቱ የተናደውን እርከን መካብ ጀመረ። የነፍስ አባታችን ቄስ ቀለመ ወርቅ «ጓዴ፣ ሰው ነህና ኑዛዜህን አሰናዳ» ቢሉት «አባ፣ ገና ሃያ ክረምት አርሳለሁ» ብሎ ሳቀባቸው። በሁዳዴ አጋማሽ ከእርሻው ተሸክመው አመጡት። ሲወድቅ አንደበቱ ተዘግቶ ነበር፤ ሦስት ቀን በዓይኑ ብቻ እያየን አለፈ።

አሁን የምፈልገውን ልንገርህ። ገንዘብ አልፈልግም፤ አትላክ። የምፈልገው አብራችሁ የዋላችሁበትን ሰባቱን ቀን ነው። ወንድሜ አላምረው ከአባቴ ጋር ከተጣላ አምስት ዓመቱ እንደሆነ ታውቃለህ። በወሰን ክርክሩ ሽማግሌ ፊት ቆሞ «ወሰኑ ድንጋዩ ድረስ ነው፣ አባቴ አልፎ አርሷል» ብሎ እውነቱን በመናገሩ አባቴ «ቀብሬ ላይ እንዳይቆም፣ ተዝካሬን እንዳይቀምስ» ብሎ ገዘተው። ግዝቱን ሳይፈታው ሞተ። ቄስ ቀለመ ወርቅ «በሕይወቱ ሳለ ስለ ልጁ አንዲት የምሕረት ቃል ተናግሮ የሰማ ሰው ካለ፣ በፊርማው ይጻፍና ያምጣ» ብለዋል። እዚህ የሰማ የለም። የቀረኸው አንተ ነህ። ተዝካሩ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ በጥር ነው።

በስልክ አልሰማህም፤ በስልክ ዋሽተህ አይቼሃለሁ። ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን ቀን በቀን ጻፈው። ደብዳቤውን ታካሚ ይዞ በየወሩ የሚመላለሰው አንተነህ ያደርስልሃል፤ መልሱንም ለሱ ስጠው።

እናትህ እትዬ ፋንቱ ደህና ናቸው። ሰላም ብለውሃል።

የአጎትህ ልጅ ማንአለሽ ጓዴ


ባንኮክ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለማንአለሽ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽ፣ ባለቤትሽ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ሰላምታ አልሰስትም። እግዚአብሔር ጤና ይስጥሽ፣ ንዴትሽንም ያብርድልሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር ሊሞላው ነው። ሦስት ጊዜ መልስ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። በአራተኛው ይኸውልሽ።

አዎ፣ አልነገርኳቸውም። ይህን ለማወቅ ነርስ ማስቸገር አያስፈልግሽም ነበር፤ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ለመሆኑ በኛ አገር በሽተኛን «ትሞታለህ» የሚል ማነው? አያታችን የታመሙ ጊዜ ሐኪሙ ለኛ ነግሮን ስናበቃ «ብርድ ነው እማማ፣ ብርድ ነው» እያልሽ እግራቸውን ታሺ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም? ያን ጊዜ ውሸት አልነበረም፤ ማስታመም ነበር። እኔ ሳደርገው ወንጀል ሆነ።

ነግሬያቸው ቢሆን ደግሞ ምን ትጽፊልኝ እንደነበር ልንገርሽ? «በሰው አገር፣ ያለ ዘመድ፣ ባዕድ ወንበር ላይ አስቀምጦ አባቴን አረዳው» ትዪ ነበር። ሌሊቱን ማን አብሯቸው ያድር ነበር? አንቺ? ፓስፖርት እንኳ አላወጣሽም። ከናንተ አንድ ሰው ሳይከተላቸው ብቻቸውን በአውሮፕላን ላካችኋቸው። የተቀበልኳቸው እኔ፣ ያጠብኳቸው እኔ፣ አልጋዬን ለቅቄ መሬት የተኛሁት እኔ።

ሰባቱን ቀን አልጽፍልሽም። የኔና የሳቸው ነው። ስለ ቦቲውም የማታውቂውን ባትናገሪ ይሻልሻል።

ይልቅ አንቺ መልሺልኝ። እናቴ የት ናት? በደወልኩ ቁጥር አንድ ቀን ጸበል፣ አንድ ቀን ጆሮዋ ከብዷል፣ አንድ ቀን ኔትወርክ የለም። ድምጿን ከሰማሁ ስድስት ወር አለፈ። አጎቴ በሕይወት ሳሉ እንኳ ስጠይቃቸው «ደህና ናት፣ አንተ ብቻ በርታ» ብለው ወሬ ይለውጡብኝ ነበር። በኔ ከተቀየምሽ በኔ ይሁን፤ ቂምሽን በእናቴ በኩል አትወጪ።

እሱባለው


ወገዳ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእሱባለው፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። መንገዱ ተዘግቶ ደብዳቤህ ደብረ ታቦር ላይ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ነበር። እዚያው ቢቀር ይሻለው ነበር።

ዓይንህን በጨው ታጥበህ የአያታችንን ታነሳብኛለህ? አያታችን እኮ ዘጠና አልፏቸው ነበር። ቆርበዋል፣ ተናዘዋል፣ መገነዣቸውን ራሳቸው ፈትለው አስቀምጠዋል። ብርድ ነው ብላቸውም አልዋሸኋቸውም፤ ሁለታችንም እናውቅ ነበርና። አባቴ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። የሚናገረው ነበረው። የሚጠራው ልጅ ነበረው። አንተ ግን ጊዜውን ወስደህ ከተማ አሳየህበት።

የቀብሩን ነገር በስልክ አልነገርኩህም፤ አሁን ስማው። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ አላምረው ከመንደር አልገባም። ወንዙን ሳይሻገር ከማዶ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ቆመ። እኛ ስንሄድ እሱ በማዶ ይሄዳል፤ ስንቆም ይቆማል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንገባ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ አየው፤ አንድም ሰው ግን «ና» አላለውም፤ ግዝት ነዋ! አፈሩ ሲመለስ እዚያ ማዶ በግንባሩ ተደፍቶ አየሁት። የአባቱን አስከሬን እንኳ በቅጡ ሳይሰናበት ጨለማ ሳይዘው ወደሚኖርበት ወደ አርብ ገበያ ተመለሰ። ልጆቹ «አያታችን ጋ ለምን አንሄድም?» ሲሉት ምን እንደሚላቸው አላውቅም።

እውነት የተናገረው ልጅ ማዶ ቆመ። የዋሸኸው አንተ ግን «አጎቴን አስታምሜ» እያልክ ትኩራራለህ።

እትዬ ፋንቱ ደህና ናቸው። ጆሯቸው ከብዶ ስልክ አይሰሙም አልኩህ እኮ! ስንት ጊዜ ልበልህ? ሰባቱን ቀን ጻፍ።

ማንአለሽ


ባንኮክ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማንአለሽ፤

ጤና ይስጥልኝ። ረጅም አልጽፍም።

የአላምረውን ነገር አላውቅም ነበር። አዝኛለሁ። ለሱ ያዘንኩት ግን ላንቺ አይቆጠርልሽ።

እናቴ ስልክ ላይ ትምጣና አንድ ቃል ትናገረኝ። «ልጄ» ትበለኝና ትዝጋው። ባትሰማኝም ግድ የለም፤ እኔ ልስማት። በማግስቱ ሰባቱን ቀን ጽፌ እሰድልሻለሁ።

አለዚያ አይሆንም።

እሱባለው


ወገዳ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእሱባለው፤

ሰላም ለአንተ ይሁን።

የአባቴን ቃል ይዘህ ልትደራደርበት ነው? እንዲህ ያለ ነጋዴ መሆንህን አላውቅም ነበር። እናትህ ሱባኤ ገብተዋል፤ አይመጡም።

አዝመራው ቆሟል፤ ገብሱ ታጭዶ ስንዴው ነው የቀረን። ተዝካሩ ጥር 30፣ ቅዳሜ ቀን እንዲሆን ተቆርጧል። ጠላው ሊጠነሰስ ጥቂት ወር ቀረው። አላምረው ባለፈው ዓርብ በገበያ አገኘኝና «እህቴ፣ እኔ ማዶ እቆማለሁ፣ አንቺ ግን አትጨነቂብኝ» አለኝ። ጤፍ መግዣ ይዤ ነበር፤ ገበያ መሐል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለዚህ እለምንሃለሁ። ከፍቅር አይምሰልህ፤ ንዴቴ አልበረደልኝም። ሰባቱን ቀን ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍልኝ። በምላሹ እኔም ስለ እናትህ የምታውቀውንም የማታውቀውንም አንድ ሳልደብቅ እጽፍልሃለሁ። ቄስ ቀለመ ወርቅ ፊት ቃል ገብቻለሁ።

ማንአለሽ


ባንኮክ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. የጽዮን ማርያም ዕለት

ለአጎቴ ልጅ ለማንአለሽ፤

እመቤታችን በያላችሁበት ትጠብቃችሁ። አሸንፈሻል። ይኸውልሽ።

ሰኞ ጥር 19። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ስትጨርስ «ንገራቸው» አለችኝ። አጎቴ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አፍ አፌን ያያሉ። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ፤ ስንቱን ሰው ነግሬያለሁ። እነዚያ ግን የሰው አባት ነበሩ። «ምን አለች?» አሉኝ። «ድነዋል አለች። ሳምንት አርፈው ይሂዱ አለች» አልኩ። ፊታቸው ሲበራ ሐኪሟ ደነገጠች። «ምን ብለሃቸው ነው?» አለችኝ። «ያልሽኝን ነው» አልኳት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሁለት ቋንቋ ዋሸሁ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። አጎቴ ተነሥተው የሐኪሟን እጅ ሳሙ፤ ከበር ስንወጣም «በል እንግዲህ፣ አገሩን አሳየኛ!» አሉኝ።

ከተማ አዞርከው ያልሽኝ ለዚህ ነው። እሳቸው ናቸው ያዞሩኝ።

ማክሰኞ በጀልባ ወጣን። እዚህ መሐል ከተማውን አቋርጦ የሚሄድ ትልቅ ወንዝ አለ፤ አውቶቡስ እንደምትሳፈሪ ጀልባ ትሳፈሪያለሽ። አጎቴ ብረቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመው ውኃውን ብቻ ያያሉ። ፎቁን አላዩትም። «ይኼ ውኃ አፈር ይዞ ነው የሚሄደው» አሉ። «የማን አፈር ነው?» የላይ አገር ገበሬዎች ይሆናል አልኳቸው። «እርከን አይሠሩም?» ብለው ተቆጡ። ወርቅ የተቀባውን የጣዖት ቤት ሳሳያቸው «ከዚሁ አየሁት፣ ይበቃኛል» ብለው አማተቡ። እርከን መካብ ጀመረ ያልሽው ከዚህ ይዘውት የሄዱት ሐሳብ ነው።

ረቡዕ አስተርዮ ማርያም ነበረች። ማለዳ በረንዳ ላይ ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመው ጸለዩ። ጾም ስለሆነ የሚበላ ከየት ላምጣ ብዬ ስጨነቅ የቻይናዎቹ ሰፈር ትዝ አለኝ። እዚያ ቢጫ ባንዲራ የሰቀሉ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ሲነግሯቸው አላመኑም። ወጥ ቤቱ ገብተው ድስት ድስቱን ከፍተው አዩ። «እነዚህም ጾም ያውቃሉ ለካ!» ብለው ሁለት ሳህን ሩዝ በሉ። ከዚያ «ይኼኔ ፋንቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ናት። ዛሬ መቼም አትቀርም» አሉ። እኔም አዎ አልኩ።

ሐሙስ መናፈሻ ወሰድኳቸው። ኩሬው ዳር አርጃኖ አለ፤ የኛው አርጃኖ ነው፣ ግን ጥጃ ያክላል። ሰው በአጠገቡ እየሮጠ ስፖርት ይሠራል። አጎቴ ያን ሲያዩ እንጨት አንሥተው «ዞር በል ልጄ!» ብለው ከፊቴ ቆሙ። ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ እንጨቱን ቀማቸውና ለአርጃኖው ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ሄደ። አጎቴ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቁ መሐል ግን ማልቀስ ጀመርኩ፣ እሳቸው የሳቅ መስሏቸው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ቢጫ የለበሱ መነኮሳት በባዶ እግራቸው አኮፋዳ የመሰለ ዕቃ ይዘው ከቤት ቤት ምግብ ሲለምኑ አዩ። «ቆሎ ተማሪዎች!» ብለው ደነገጡ። ልጅ ሳሉ ሁለት ዓመት በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ እንደለመኑ፣ ውሻም እንደነከሳቸው ነግረውኝ ጠባሳውን አሳዩኝ። ለራሴ ቁርስ የገዛሁትን ሩዝ ከእጄ ወስደው ለአንዱ ልጅ ሰጡት። «ሃይማኖቱን አላውቅም፣ ርሃቡን ግን አውቀዋለሁ» አሉ።

ቅዳሜ ትልቁ ገበያ ሄድን። አርብ ገበያን መቶ ጊዜ ብታጥፊው አይደርስበትም። ከጫማ ሻጩ ዘንድ ቆሙ። ቁጥር ስንት? ሲላቸው ቁጥር አያውቁም። ግራ እጃቸውን ዘርግተው ጫማው ላይ ለኩ፤ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ልክ የሆነላቸው አርባ አራት ነው። «ለማን ነው አጎቴ?» አልኳቸው። «በክረምት ያ ዳገት ያዳልጠዋል። ሁልጊዜ የሚወድቀው በግራ በኩል ነው» አሉ፤ ስም አልጠሩም። ልጃቸውን አምስት ዓመት አላናገሩትም፤ የእግሩን ልክ ግን በእጃቸው ያውቁታል። እንግዲህ እግራቸውን ያላየሁት እኔ ነኝ አይደል?

ያን ቀን ከገበያው ወጥተን ደወልንልሽ። «አባትሽ ድነዋል» ስልሽ እልል አልሽ። ስልኩን ለአጎቴ ጆሮ አስጠጋሁላቸው፤ እልልታሽን ሰምተው እንደ ልጅ ፈነጠዙ። «ፋንቱስ?» ሲሉሽ ጸበል ሄዳለች አልሻቸው። ዛሬም ያ እልልታ በጆሮዬ አለ፤ የሚያሳድደኝም እሱ ነው።

እሑድ የትም አልሄድንም። አልጋ ላይ ተቀምጠው ቦቲውን በመሐረብ ሲወለውሉ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ፣ ሳልጠይቃቸው፣ እንዲህ አሉኝ፤ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። «ያ ልጅ እውነቱን ነው የተናገረው። ያቃጠለኝም እውነት መሆኑ ነው። ጤናዬን ካገኘሁማ ምን ያስቸኩለኛል? ለትንሣኤ እጠራዋለሁ። ጫማውን በእጄ ነው የማጠልቅለት።»

ይኸው ነው። «ፈታሁት» አላሉም። ይህን ቃል ጨምሬ ብጽፈው ለአላምረው እንደሚቀልለት አውቃለሁ፤ ሁለት ሌሊት አስቤበታለሁ። አልጽፈውም። ሐኪሟ ያላለችውን ብላለች ብዬ የደረሰውን አይቼዋለሁ። «ምን ያስቸኩለኛል» ያሉት እኔ በዋሸሁት ውሸት ነው፤ እውነቱን ብነግራቸው ከባንኮክ ደውለው ይፈቱት ነበር። ይህን አንቺ ሳትነግሪኝም አውቀዋለሁ፤ መርዶውን ከሰማሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው ሦስት ደብዳቤ የቀደድኩት።

ከዚህ በታች በሙሉ ስሜ ፈርሜያለሁ። አሁን ተራው ያንቺ ነው።

እሱባለው ይታየው


ወገዳ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለእሱባለው፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህችን ሰላምታ ዛሬ ለወጉ ብቻ አልጻፍኳትም።

ደብዳቤህን ቄስ ቀለመ ወርቅ ደጀ ሰላሙ ላይ ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት አነበቡት። አላምረው ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። «ፈታሁት አላሉም» የሚለው ጋ ሲደርሱ ማንበቡን ተዉና ወደኔ ዞሩ። «ይህን ምን ትያለሽ?» አሉኝ። «አባ፣ ፈታሁት ብሏል ብሎ ጽፎ ቢሆን እኔ ራሴ ደብዳቤውን እሳት ውስጥ እጨምረው ነበር። አባቴ ያን ቃል ከአፉ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ጫማ የሚገዛ ሰው ነበር» አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያውቁታላ።

ቦቲውን አስመጡ። አላምረውን ከቅጥሩ በር ላይ ድንጋይ ላይ አስቀመጡትና ቄስ ቀለመ ወርቅ በዕድሜያቸው ተንበርክከው በእጃቸው አጠለቁለት። «አባትህ ለትንሣኤ አጠልቅልሃለሁ ብሎ ነበር፤ ዘገየ። በልቡ የፈታውን እኔ አስሬ አላቆየውም» አሉት። ልክ ሆነለት። አላምረው እግሩን ብቻ ያያል። ከዚያ መቃብሩ ጋ ሄደ። ጥር 30 ተዝካሩን እሱ ነው የሚያሳልፈው።

ይህን ያደረገው ደብዳቤህ ነው፤ አልክድህም። ግን ይቅር አላልኩህም። ብዬህ ብጽፍም ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ ሁለታችንም ጠግበናል።

አሁን የገባሁልህን ቃል ልፈጽም። አንተነህ ይህን ደብዳቤ ሰጥቶህ እንዳይሄድ ነግሬዋለሁ፤ እያነበብክ ካለህ አጠገብህ ተቀምጧል። ለምን እንደተቀመጠ ሳይገባህ አይቀርም። አንተም ተቀመጥ።

እትዬ ፋንቱ አርፈዋል።

ዛሬ አይደለም፣ ትናንትም አይደለም። ረቡዕ፣ አባቴ እንዳለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው አስተርዮ ማርያም ሄዱ። ሲመለሱ ደከመኝ ብለው ጋደም አሉ። ሐሙስ ቀትር ላይ አረፉ፤ ጥር 22 ቀን 2017። እናንተ በአርጃኖው ስትስቁ እኔ ዓይናቸውን ከደንኩ። ዓርብ ለቆሎ ተማሪው ሩዝ ስትሰጡ እኛ ቀበርናቸው። አልተሰቃዩም። የመጨረሻ ቃላቸው «ጓዴና ልጄ እንዳይሰሙ» ነበር፤ ወንድማቸው በሽተኛ፣ አንተ ብቻህን ነህና።

ቅዳሜ ስትደውል ልቅሶ ላይ ነበርን። ከድንኳኑ ወጥቼ ከጎተራው ኋላ ሆኜ አነሣሁት። አንተ «አባትሽ ድነዋል» ብለህ ዋሸኸኝ፤ እኔ «ጸበል ሄደዋል» ብዬ ዋሸኋችሁ። እልል ያልኩት በእናትህ ልቅሶ ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሰሙኝ፤ አበደች ብለው ሴቶቹ እየሮጡ መጥተው ያዙኝ። ያ በጆሮዬ አለ የምትለው እልልታ እሱ ነው።

አባቴ እንደገባ በማግስቱ ንጋት ላይ አረዳነው። እንባው ሳይደርቅ «እሱባለው እንዳይሰማ። በሰው አገር ማን ይይዘዋል? ሲመጣ እኔ ራሴ አረዳዋለሁ» ብሎ አስማለን። እሱም አልቆየ። መሐላው በኔ ላይ ቀረ። የወረዳውን ሰው ሁሉ ለምኜ አፍ አዘጋሁ። አስራ አንድ ወር ሙሉ «ደህና ናቸው» አልኩህ፤ በደብዳቤም አንተን ውሸታም በምልበት በዚያው እስክርቢቶ ጻፍኩት። ከንዴቴ ግማሹ በራሴ ነበር።

ወጉ መርዶ በወረቀት አይነገርም ይላል። ሰው ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ፣ ዘመድ እጅ ይዞ ነው። እኔ ግን ወጉን አፈረስኩት። የኛ ወግ አባቴን ከልጁ፣ አንተንም ከእናትህ ስንብት ከልክሏል። ሦስተኛ እንዲከለክል አልፈቅድም።

የእናትህ ሙት ዓመት ጥር 22 ነው፣ የአባቴ ተዝካር ጥር 30። ቀንዱ ነጭ የሆነውን በሬያቸውን አልሸጥነውም፤ ላንተ ነው ያቆየነው። አላምረው በቦቲው ሆኖ ወገዳ መናኸሪያ ይቀበልሃል።

በፊት ባልነግርህ ኖሮ ደጃፉ ላይ ሻንጣህን ይዘህ ቆመህ «እናቴስ?» ትል ነበር። ያን ለማየት ጉልበት የለኝም። እዚያው አልቅሰህ ና።

ማንአለሽ